የቤት ኮምፒዩተሮች ብርታትና የማስፋፊያ መሣሪያዎቻቸው

ኮምፒዩተር የተባለው መሣሪያ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራና ከታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ወጥቶ ወደ ግለሰብ መኖሪያ ቤት መግባት የጀመረው በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ መሆኑ ይታወቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1977 በአሜሪካ ሦስት መሣሪያዎች፣ ይኸውም የአፕል ኩባንያ አፕል 2፣ የኮሞዶር ኩባንያ ፔት፣ የታንዲ ኩባንያ ቲአርኤስ 80፣ ተከታትለው ለገበያ ቀረቡ። ከእነርሱ በፊት በ1975 የወጣው አልቴርና መሰሎቹ ነበሩ፤ ነገር ግን አልቴርን ያዘዘ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በፖስታ የተላከ የቺፕና የሽቦ ጥቅል ስለነበረ፣ ብየዳ ለማያውቅ ሰው የሚሆን ዕቃ አልነበረም። የ1977ቱ ሦስት መሣሪያዎች ግን ከሳጥናቸው ወጥተው ኤሌክትሪክ ላይ እንደተሰኩ የሚሠሩ ነበሩ።

የእነዚህንና በኋላ የተከተሏቸውን ኮምፒዩተሮች ታሪክ የጻፉ ሰዎች፣ ብርታታቸውን በአብዛኛው የሚመዝኑት በፕሮሰሰር ፍጥነት፣ በሜሞሪ ብዛት፣ በሥዕልና በድምፅ ጥራት፣ እንዲሁም በዋጋ ነው። መመዘኛዎቹ ስሕተት አይደሉም። ይሁን እንጂ በእነዚህ ብቻ የመዘነ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይመለስለት ይቀራል፤ በ1977 ከ4 ኪሎባይት ሜሞሪ ጀምሮ ይሸጥ የነበረ መሣሪያ ዝርያው እስከ 1993 ሲመረት፣ በ1979 ባለ 16 ቢት ፕሮሰሰር ይዞ የተነሣው ሌላው በአራት ዓመት ውስጥ ከገበያ የወጣው ስለ ምንድን ነው? የዚህ ጸሐፊ እምነት፣ የመልሱ ትልቁ ክፍል የሚገኘው ሠሪው ለሌላ ሰው ሥራ ብሎ ባዶ በተወው ቦታ ላይ ነው የሚል ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ አስቀድሞ መጠቀስ ያለበት አፕል 2 ነው። ንድፉን ያወጣው ስቲቭ ዎዝኒያክ በዋናው የሰርኪዩት ሰሌዳ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 50 የመገናኛ ነጥብ ያላቸው ስምንት መሰኪያዎች ደረደረ። ሸሪኩ ስቲቭ ጆብስ ሁለት ይበቃሉ ባይ ነበር፤ አንዱ ለማተሚያ፣ ሌላው በስልክ መስመር ለሚያገናኘው ሞደም። ዎዝኒያክ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ በዚህ ነገር አልመለስ ብሎ፣ ሁለት ብቻ ከሆነ የምትሻው ሌላ ኮምፒዩተር ፈልግ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ክርክሩ የሁለት ወጣቶች እልህ ተደርጎ መታየት የለበትም። መሰኪያ ገንዘብ ያስወጣል፤ ሰሌዳውን ያሰፋል፤ የኃይል ሰጪውንም አቅም ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። ይህንን ወጪ ደግሞ አንድ ካርድ እንኳ ሳይገዛ ዕድሜውን የሚጨርሰው ደንበኛ ጭምር ይከፍለዋል። አፕል 2 በ4 ኪሎባይት ሜሞሪ 1,298 ዶላር ሲሸጥ፣ የዚያ ዋጋ አንድ ክፍል ገና ላልታሰበ ዕቃ የተከፈለ ቀብድ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከመሰኪያዎቹ ብዛት ይልቅ ለባለሙያ ይበልጥ የሚያስደንቀው የአድራሻ አከፋፈላቸው ነው። የአፕል 2 ፕሮሰሰር፣ 6502 የተባለው ቺፕ፣ በጠቅላላው 65,536 አድራሻዎችን ብቻ መጥራት ይችላል። ዎዝኒያክ ከዚህ ውስጥ ለእያንዳንዱ መሰኪያ 16 አድራሻዎችን ለመቆጣጠሪያ መደበ፤ ከዜሮ ቁጥሩ መሰኪያ በስተቀርም ለእያንዳንዱ 256 አድራሻዎችን ካርዱ ይዞት ለሚመጣው ተነባቢ ሜሞሪ ለየ፤ በተጨማሪም ካርዶቹ በየተራ የሚገለገሉበት 2,048 አድራሻ ያለው የጋራ መስክ አኖረ። አድራሻውን የመለየት ሥራ የሚከናወነው በዋናው ሰሌዳ ላይ ነው። ስለሆነም አንድ ካርድ በየትኛውም መሰኪያ ቢገባ የራሱ ክልል ይጠብቀዋል። በአልቴርና በመሰሎቹ ላይ ግን ባለቤቱ በየካርዱ ያሉትን ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች እያስተካከለ፣ አንዱ ካርድ የሌላውን አድራሻ እንዳይወስድ ራሱ ዳኛ መሆን ነበረበት።

የዚህ አከፋፈል ፍሬ ነገር ካርዱ የሚሠራበትን ፕሮግራም በራሱ ተሸክሞ መምጣቱ ነው። ኮምፒዩተሩ ስለ ዕቃው አስቀድሞ ምንም ማወቅ አያስፈልገውም። በ1977 የተመረተ አፕል 2 ከአምስት ዓመት በኋላ ለታሰበ መሣሪያ ጭምር ለመሥራት የሚችለው ስለዚህ ነበር። እንግዳው ስንቁን ይዞ ስለሚመጣ፣ ባለቤቱ በሩን ከመክፈት በቀር ድካም የለበትም።

የመጀመሪያው ታላቅ ፈተና በ1978 መጣ። እስከዚያ ድረስ የቤት ኮምፒዩተር ፕሮግራሙን የሚያስቀምጠው በተራ የሙዚቃ ካሴት ላይ ሲሆን፣ ንባቡ አዝጋሚ፣ ውጤቱም የማይታመን ነበር። ዎዝኒያክ የመግነጢስ ዲስክ መቆጣጠሪያን በስምንት ቺፖች ብቻ በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ሠራ። ሌሎች ሠሪዎች በውድ ሰርኪዩት ያከናውኑት የነበረውን ሥራ እርሱ ወደ ፕሮግራም አዛወረው፤ የዲስኩን መዞሪያ ቦታ የሚጠቁመውን ቀዳዳ መመልከት እንኳ አስቀርቶ፣ ቦታውን ከተጻፈው መረጃ ራሱ እንዲታወቅ አደረገ። ዲስኩ መጀመሪያ 113 ኪሎባይት ያህል ይይዝ ነበር። በ1980 ወደ 140 ኪሎባይት ከፍ ሲል፣ ቀድሞ የገዛ ሰው አዲስ ማሽን መግዛት ሳያስፈልገው በካርዱ ላይ ሁለት ቺፖች ተለውጠውለት ብቻ ከአዲሱ እኩል ሆነ።

ዲስኩ ባይኖር በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ያወጡት ቪዚካልክ ያን ያህል ገበያ ያገኝ ነበር ብሎ ለመናገር ያዳግታል። ቪዚካልክ በዓምድና በረድፍ የተከፈለ የሒሳብ ገበታ ሲሆን፣ አንዲት አኃዝ ስትለወጥ ከእርሷ ጋር የተያያዙት ሁሉ ወዲያው ተሰልተው ይለወጣሉ። ሌሊቱን ሙሉ በእርሳስና በላጲስ በጀት ሲያርም ያደረ የሒሳብ ባለሙያ የዚህ ትርጉም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም። ፕሮግራሙ 32 ኪሎባይት ሜሞሪና ዲስክ ይፈልጋል፤ ለአንድ ዓመት ያህልም የተገኘው ለአፕል 2 ብቻ ነበር። በቤት መጫወቻነት የሚታወቀው ዕቃ በዚህ ምክንያት ወደ ንግድ ቤት ገባ።

ወደ ንግድ ቤት ሲገባ ግን ጉድለቱ ተገለጠ። የአፕል 2 መስኮት በአንድ መስመር 40 ፊደል ብቻ ያሳያል፤ የላቲኑንም ትንንሽ ፊደላት አያውቅም። ያሉት ምልክቶች 64 ብቻ ናቸው። (የእኛ ፊደል 33ቱ በየሰባት ቤታቸው ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉና፣ ዲቃሎቹንና ቁጥሮቹን ትተን እንኳ ከዚያ ሠንጠረዥ አራት እጥፍ ሊደርሱ ምንም አይቀራቸውም። እንደ ግዕዝ ላለ ጽሕፈት በዚያ መሣሪያ የነበረው መንገድ ፊደሉን እንደ ሥዕል በነጥብ መሳል፣ ወይም ምልክቶቹን የሚያመነጭ ሌላ ካርድ መሥራት ነበር።) አፕል ይህን ጉድለት እስኪያርም አልተጠበቀም። ቪዴክስ የተባለ ሌላ ኩባንያ 80 ፊደል በመስመር የሚያሳይ፣ ትንንሾቹንም ፊደላት የሚጽፍ ካርድ አወጣ። ሜሞሪው 48 ኪሎባይት ላይ በቆመም ጊዜ፣ 16 ኪሎባይት የሚጨምር ካርድ በዜሮ ቁጥሩ መሰኪያ ገብቶ፣ ከተነባቢው ሜሞሪ ጋር አንድ አድራሻ በፈረቃ እየተካፈለ ጠቅላላውን 64 ኪሎባይት አደረሰው።

ከሁሉም የሚገርመው ግን በ1980 ማይክሮሶፍት በ349 ዶላር ያቀረበው ሶፍትካርድ ነው። በዚህ ካርድ ላይ የተቀመጠው ዜድ 80 የተባለ ሌላ ፕሮሰሰር ነበር። ካርዱ ሲጠራ የአፕልን ፕሮሰሰር ገለል አድርጎ ሜሞሪውን፣ መስኮቱንና ዲስኩን ራሱ ይረከባል፤ በዚያን ጊዜ የንግድ ፕሮግራሞች በብዛት ይጻፉበት የነበረውን ሲፒኤም የተባለውን ሥርዓት ያሠራል። እንግዳ ገብቶ የባለቤቱን ወንበር ያዘ፤ ባለቤቱም አልተቃወመም! ይህ ካርድ በ1980 ከማይክሮሶፍት የገቢ ምንጮች ሁሉ ትልቁ ነበር። ብዙ ጊዜ ከፕሮግራም ጋር ብቻ ስሙ የሚነሣው ኩባንያ በአንድ ወቅት እንጀራውን የጋገረው በሌላው ምጣድ ላይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ለመሰኪያ የሚከፈለውን ዋጋ አልከፍልም ያለ ሠሪ ምን እንደሚገጥመው ለማየት ወደ እንግሊዝ አገር መሻገር ይበቃል። ክላይቭ ሲንክሌር በመጋቢት 1981 ያወጣው ዜድኤክስ 81 ተገጣጥሞ 69.95 ፓውንድ፣ ሳይገጣጠም 49.95 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። በቀዳሚው ላይ 21 የነበሩት ቺፖች በዚህኛው ወደ 4 ወይም 5 ወረዱ። ኮምፒዩተር ሊገዙ ፈጽሞ የማይችሉ የነበሩ ሰዎችን ባለ ኮምፒዩተር ያደረገ ሥራ ስለሆነ፣ ውለታው ትልቅ ነው። ሜሞሪው ግን አንድ ኪሎባይት ብቻ ነበር። ማስፋፊያውም የሰርኪዩት ሰሌዳው ጠርዝ በጀርባ በኩል በቀዳዳ እንዲታይ ተደርጎ የተተወ ነው፤ መያዣም መቆለፊያም የለው። በዚህ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው የ16 ኪሎባይት ጥቅል፣ ቁልፎቹ ጠንከር ተደርገው ሲነኩ ይንቀጠቀጥና ግንኙነቱ ለቅጽበት ይቋረጥ ነበር፤ የሰዓታት ሥራም ያን ጊዜ እንደ ጉም በንኖ ይጠፋል። ባለቤቶቹ በማጣበቂያና በፕላስተር እያሰሩ ይገለገሉበት እንደነበር የዘመኑ መጽሔቶች ይመሰክራሉ። ከመሰኪያው የተቆጠበው ጥቂት ሳንቲም ከተጠቃሚው ጊዜ ተመልሶ ተከፈለ።

የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ታሪክ ከዚህ የተለየና ይበልጥ የሚያሳዝን ነው። ኩባንያው ቺፕ በመሥራት በዓለም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ስለነበር ገንዘብም ዕውቀትም አላጣም። በ1979 ያወጣው 99/4 እና በ1981 ያሻሻለው 99/4ኤ ባለ 16 ቢት ፕሮሰሰር ነበራቸው፤ ሌሎቹ የቤት ኮምፒዩተሮች ግን በዚያን ጊዜ በ8 ቢት ላይ ነበሩ። በወረቀት ላይ ሲታይ አቻ አልነበረውም። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚደርስበት ፈጣን ሜሞሪ 256 ባይት ብቻ ነበር። ቀሪው 16 ኪሎባይት ከመስኮቱ ቺፕ በስተጀርባ ተቀምጦ በአንዲት ጠባብ በር በየባይቱ የሚቀዳ ነው። የቤዚክ ቋንቋውም በሌላ ተተርጓሚ ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር እያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ መተርጎም ነበረበት። ፈረሱ ብርቱ፣ ጋሪው ግን ጎማ የሌለው ሆነ።

ማስፋፊያውን በሚመለከት መጀመሪያ የተመረጠው ዘዴ፣ እያንዳንዱ ዕቃ በኮምፒዩተሩ ቀኝ ጎን እንደ ባቡር ፉርጎ እንዲቀጠል ነበር። የዲስክ መቆጣጠሪያ፣ የሜሞሪና የማተሚያ መገናኛ ሳጥኖች ሲቀጣጠሉ ከጠረጴዛው ጠርዝ አልፈው ይሄዳሉ። ይህ እንደማያዋጣ ሲታይ በ1982 ስምንት መሰኪያ ያለው፣ ከራሱ ከኮምፒዩተሩ እጅግ የሚከብድ የብረት ሳጥን ቀረበ፤ የሚያገናኘውም ገመድ ውፍረቱ የእሳት አደጋ መኪና ቱቦ የሚል ቅጽል አሰጠው። ሳጥኑ እንደ ዕቃ ጠንካራና በሚገባ የተሠራ ነበር። ችግሩ ባለቤቱ አስፋፋለሁ ባለ ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ዋጋ የሚበልጥ ሌላ ግዢ መጠየቁ ነው። ዎዝኒያክ በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ያስቀደመውን ቀብድ፣ ቴክሳስ ከነወለዱ በኋላ ጠየቀ።

ከዚህም የከፋው ኩባንያው ለውጭ ሰው ሥራ የነበረው አመለካከት ነው። ትርፉ ያለው በፕሮግራሙ ሽያጭ ስለሆነ ሌላ እንዳይካፈለው ይፈልግ ነበር። በ1983 ባወጣው የመሣሪያው እርማት የሌሎች ኩባንያዎች የፕሮግራም ካርቶሪጆች እንዳይሠሩ አደረገ። በዚያው ዓመት ከኮሞዶር ጋር በገባበት የዋጋ ጦርነት፣ በ1981 በ525 ዶላር የተዋወቀው 99/4ኤ ወደ 100 ዶላር ገደማ ወረደ። ዕቃውን በኪሳራ ሸጦ በፕሮግራም ለማካካስ የታሰበው አልሆነም። በጥቅምት 1983 ኩባንያው ከቤት ኮምፒዩተር ንግድ መውጣቱን አስታወቀ። በሩን በውስጥ ቆልፎ የተቀመጠ ሰው ሲርበው የሚጠራው ጎረቤት አላገኘም።

እዚህ ላይ ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መነገር አለበት። በአሜሪካ የመገናኛ ጉዳይ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ኮምፒዩተር የሬዲዮ ሞገድ እንዳይረጭ ጥብቅ ደንብ አውጥቶ ነበር። ክፍት መሰኪያ ያለው መሣሪያ ይህን ደንብ ለማሟላት ይቸገራል። አፕል ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኘውን ክፍል ራሱ ሳይሸጥ ሌላ ነጋዴ እንዲሸጠው በማድረግ ደንቡን በዘዴ አለፈው። አታሪ ግን በ1979 ያወጣቸውን 400 እና 800 የተባሉ ኮምፒዩተሮች በወፍራም አሉሚኒየም ጠቅልሎ፣ በ800ው ላይ ካሉት የሜሞሪ መሰኪያዎች በቀር ማስፋፊያውን ሁሉ በአንድ ተከታታይ ገመድ ላይ አደረገው። በገመዱ ላይ የሚቀጣጠሉት ዕቃዎች የየራሳቸው አእምሮ ያላቸው ነበሩ። ከሥራው መሐንዲሶች አንዱ የነበረው ጆ ዲኩየር በኋላ ዛሬ ዩኤስቢ የምንለው መገናኛ ሲወጠንም ተሳታፊ ሆኗል። ስለዚህ ሳጥንን መዝጋት ሁልጊዜ ከንፍገት አይመነጭም፤ በሌላ መንገድ በሩ እስከ ተከፈተ ድረስ።

የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ የሚቃወም ሰው በመጀመሪያ የሚጠራው ምስክር ኮሞዶር 64 እንደሚሆን ይገመታል። በነሐሴ 1982 በ595 ዶላር የወጣው ይህ መሣሪያ በውስጡ አንድም የካርድ መሰኪያ የለውም፤ ሆኖም ከአሥር ሚሊዮን በላይ ተሽጦ በዘመኑ የሚተካከለው አልተገኘም። 64 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ ለሥዕልና ለድምፅ የተለዩ ድንቅ ቺፖች ነበሩት፤ አብዛኛው ገዢ የሚፈልገው ሁሉ ከመጀመሪያው ተሟልቶለታል። ክርክሩ ክብደት ያለው ነው። ነገር ግን የዲስክ መሣሪያውን፣ 1541 የተባለውን፣ ታሪክ ማየት ይገባል። ከእርሱ በፊት በነበረው ቪክ 20 ላይ የአንድ ቺፕ ጉድለት መረጃው በፕሮግራም እርዳታ ዝግ ብሎ በየቢቱ እንዲተላለፍ አስገድዶ ነበር፤ ኮሞዶር 64 ይህን ልማድ ወረሰ። በዚህ ምክንያት 1541 በሰከንድ 400 ባይት ገደማ ብቻ ያቀብላል። አንድ ጨዋታ እስኪጫን ቡና ተቆልቶ ባይወቀጥም ውኃው ይፈላል።

መፍትሔው የመጣው ከውጭ ሰዎች ነው። 1541 የራሱ 6502 ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው፣ በእውነቱ ሌላ ኮምፒዩተር ነበር፤ ከገመዱ ማዶ ፕሮግራም ሲላክለት ተቀብሎ ያሠራል። ይህንን የተረዱ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አዲስ የማስተላለፊያ ሥርዓት ወደ ዲስኩ ሜሞሪ እየላኩ ፍጥነቱን ብዙ እጥፍ አሳደጉት። የኤፒክስ ኩባንያ በ1984 ያወጣው ፋስት ሎድ የተባለ ካርቶሪጅ ከእነዚህ በጣም የታወቀው ነው። እንግዲህ ምስክሩ ሲጠየቅ ለተቃራኒው ወገን የሚመሰክር ይመስላል፤ ኮሞዶር 64 ከስንፍናው የዳነው ሠሪው ሳያስብ ክፍት በተወው ስንጥቅ ነውና።

በሩን የከፈተ ሁሉ ግን ዋጋ ሳይከፍል አልቀረም። አይቢኤም በነሐሴ 1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር አምስት መሰኪያዎች ነበሩት፤ የሰርኪዩቱን ንድፍም በመጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ። በዚህ ምክንያት የካርድ ሠሪው በዛ፤ ከካርድ ሠሪው ቀጥሎ ግን ኮምፒዩተሩን ራሱን የሚቀዳ መጣ፤ ገበያውም በመጨረሻ ከአይቢኤም እጅ ወጣ። አፕልም በ1982 ፍራንክሊን ከተባለ ኩባንያ ጋር ፍርድ ቤት የቆመው ኮምፒዩተሩ በመቀዳቱ ነው። ምናልባት ይህን የታዘበው ጆብስ በ1984 ማኪንቶሽን ያለ አንድ መሰኪያ፣ ልዩ መፍቻ ካልተገኘ በማይከፈት ሳጥን አወጣው፤ የ1977ቱ ክርክር በዚህ ጊዜ ለእርሱ ተፈረደለት። 128 ኪሎባይቱ ግን ወዲያው ጠበበ፤ በ1987 የወጣው ማኪንቶሽ 2 ስድስት መሰኪያዎች ይዞ መጣ። ያ ሁሉ ሲሆን የአፕል 2 ዝርያ የሆነው አፕል 2ኢ፣ ሰባቱን መሰኪያዎች እንደያዘ፣ እስከ ኅዳር 1993 ድረስ ይሸጥ ነበር።

በመጨረሻ የሚነሣው የኤኮርን ኩባንያ በታኅሣሥ 1981 በእንግሊዝ ያወጣው ቢቢሲ ማይክሮ ነው። ኮምፒዩተሩ የተሠራው የብሪታንያ ማሰራጫ ድርጅት ሕዝቡን ኮምፒዩተር ለማስተማር ላቀደው ፕሮግራም ሲሆን፣ ባለ 32 ኪሎባይቱ ዓይነት መጀመሪያ በ335 ፓውንድ ተዋወቀ። ከሥሩ ከተደረደሩት መገናኛዎች አንዱ ቱዩብ ይባላል። በቱዩብ በኩል ሁለተኛ ፕሮሰሰር ሲቀጠል፣ ዋናው 6502 ቁልፉን፣ መስኮቱንና ዲስኩን ወደ ማስተናገድ ዝቅ ይልና አዲሱ መጤ ስሌቱን ይረከባል። ከሶፍትካርድ የሚለየው ሁለቱ ፕሮሰሰሮች የየራሳቸውን ሜሞሪ ይዘው በአንድ ጊዜ መሥራታቸው ነው። ሌላ 6502፣ ዜድ 80፣ እንዲሁም ባለ 32 ቢት ቺፕ በዚህ መንገድ ቀርበዋል።

በ1983 ኤኮርን ለሚቀጥለው ኮምፒዩተሩ የሚሆን ፕሮሰሰር በገበያ አጥቶ ራሱ ለመሥራት ሲነሣ፣ ሥራውን የያዙት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፉርበር ነበሩ። አዲሱን ቺፕ በሐሳብ የሞከሩት በቢቢሲ ማይክሮ ላይ በቤዚክ በተጻፈ ፕሮግራም ነው። ቺፑ ተመርቶ ሚያዝያ 26 ቀን 1985 ሲደርስ፣ ሥራ የጀመረው በዚያው በቱዩብ ላይ ተሰክቶ ነበር። ሠሪዎቹ እንደሚተርኩት፣ የሚወስደውን ኃይል ሊለኩ መለኪያ ቢያገናኙ መለኪያው ዜሮ አሳየ፤ ምክንያቱ ሲመረመር የኃይል መስመሩ ጭራሽ አልተገናኘም፤ ቺፑ ይሠራ የነበረው በሌሎቹ እግሮቹ በሚገባው የምልክት ኃይል ብቻ ነው። በ1986 ይህ ቺፕ ለቢቢሲ ማይክሮ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ሆኖ ለባለሙያዎች ተሸጠ፤ ስሙም ኤአርኤም ይባላል። በ1990 ኤኮርን፣ አፕልና ቪኤልኤስአይ ተባብረው በዚሁ ስም ኩባንያ አቋቋሙ። አንባቢ በኪሱ የያዘው ተንቀሳቃሽ ስልክ፣ ያለ ጥርጥር ለማለት በሚያስደፍር መጠን፣ የዚያ ቺፕ ዝርያ አለበት። የድሮ ኮምፒዩተር ወዳጆችም ዛሬ ራስፕቤሪ ፓይ የተባለውን፣ ያው የኤአርኤም ዘር የሆነውን ትንሽ ሰሌዳ ከአርባ ዓመት በፊት በተመረተ ቢቢሲ ማይክሮ ቱዩብ ላይ እየሰኩ፣ የቀድሞዎቹን ሁለተኛ ፕሮሰሰሮች ሁሉ በየተራ ያስመስሉበታል።